ቀሪቦ፣ ጠላ፣ ቢራ፦ የመጠጥ ገበያ በሰዓት ሲለካ

ቅዳሜ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የጅማን መንገድ የያዘ ነጋዴ ወልቂጤን አልፎ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ ሰኮሩንና ደነባን ተሻግሮ አሰንዳቦ ሲደርስ ጅማ ለመግባት የሚቀረው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ሰውየው የሚጓዘው ዕረፍቱን ለማሳለፍ ቢሆንም የነጋዴ ዓይን ዕረፍት አያውቅም። በየከተማው ደጃፍ የተደረደሩትን የቢራ ሣጥኖች ይቆጥራል፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ይታዘባል። በዚህ አካባቢ ደግሞ ከጠርሙሱ ጎን አንድ ሌላ መጠጥ ማየቱ አይቀርም፤ ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ አረፋ ያለው፣ በቤት የተጠመቀ መጠጥ። ስሙ ቀሪቦ ይባላል።

ቀሪቦ በጅማ ዞን ለበዓልና ለሠርግ የሚቀርብ፣ ለብዙ ቤተሰብም የገቢ ምንጭ የሆነ መጠጥ ነው። በይበልጥ የሚፈልጉት በሃይማኖታቸው ወይም በምርጫቸው አስካሪ መጠጥ የማይቀምሱ ሰዎች ናቸው። እስልምና በሰፊው በተስፋፋበት የጅማ ምድር ይህ ትንሽ ገበያ አይደለም። ታዲያ ይህን ያህል ጠጪ ያለው መጠጥ ለምን ከጓዳ አልወጣም? ለምን አንድ ባለሀብት በጠርሙስ አሽጎ አዲስ አበባ አላደረሰውም?

የተለመደው መልስ “ካፒታል የለም” ወይም “የንግድ ንቃት የለም” የሚል ነው። መልሱ ግን ከዚህ ይልቅ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው።

አራት መጠጥ፣ አራት ዕድሜ

ከአሰንዳቦ እስከ በደሌ ባለው መንገድ የሚገኙ መጠጦችን በመቆያ ዕድሜያቸው በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀሪቦ ነው። ገብሱ ጠቁሮ እስኪያር ይቆላል፣ ተከክቶ በውሃ ይፈላል፣ ቀዝቅዞ ይጠለላል፤ ከዚያ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግስቱ ለጠጪ ይቀርባል። ከአንድና ሁለት ቀን በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል። ሌላም ችግር አለ። እርሾው ስኳሩን መብላቱን ስለማያቆም፣ መጠጡ በቆየ ቁጥር የአልኮል መጠኑ ከፍ ይላል። ለሌላው ጠጪ ይህ የጣዕም ጉዳይ ሲሆን፣ አስካሪ ለማይጠጣው ደንበኛ ግን የእምነት ጉዳይ ነው። ስለሆነም የቀሪቦ ጠማቂ መጠጡ ሲበላሽባት የምታጣው ገንዘቧን ብቻ ሳይሆን የደንበኛዋን አመኔታ ጭምር ነው።

ሁለተኛው ጠላ ነው፤ በኦሮምኛ ፋርሶ። የተጠለለ ጠላ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጠላ ጠማቂዎች ግን አንድ ብልሃት አላቸው። ጥንስሱን ጥለው፣ እንኩሮውን ቀላቅለው የሚያዘጋጁት ድፍድፍ በጋን ተከድኖ ከጠላው የበለጠ ይቆያል። ውሃው የሚጨመርበት ገበያው ሲመጣ ነው። ይህ በንግድ ቋንቋ ሲተረጎም ጠማቂዋ የምታከማቸው ያለቀለትን ምርት ሳይሆን በከፊል የተሠራውን ነው ማለት ነው። ነገ የሚበላሸውን ዛሬ አትሠራም።

ሦስተኛው ጠጅ ነው። የጅማና የአካባቢዋ ደን ማር፣ በተለይም የገተማ አበባ ነጭ ማር፣ በውሃና በጌሾ ተጥሎ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይብላላል። አልኮሉ ከጠላ ከፍ ስለሚል ዛሬ ያልተሸጠው ነገም በብርሌ ይቀዳል። የጠጅ ነጋዴ ከጠላ ነጋዴ በተሻለ መተኛት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ከጅማ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚጠመቀው የበደሌ ቢራ ነው። ፋብሪካው በ1980ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት ይዞታነት ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም ከሐረር ቢራ ጋር ለሆላንዱ ሄኒከን ተሸጧል። ለሁለቱ የተከፈለው 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቢራው ተጣርቶ፣ በሙቀት ተክሞ፣ በቆርኪ ከታሸገ በኋላ ለወራት ይቆያል። ለወራት የሚቆይ መጠጥ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። የአንድ መጠጥ የገበያ ክልል የሚለካው በመቆያ ዕድሜው ነው። ቀሪቦ የሰፈር፣ ጠላ የቀበሌ፣ ጠጅ የከተማ፣ ቢራ የአገር ገበያ አለው። የድርጅቱም መጠን ይህንኑ ይከተላል።

ሕጉ ለጓዳ ጠማቂ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ በጀርመን አሠራር ቢራ እየጠመቀ ስም ያወጣው ቢር ጋርደን ኢን፣ ብሎንዲና ኢቦኒ የተባሉትን ቀላና ጥቁር ቢራዎቹን ያስተዋወቀው በጠመቀበት ቤት እየቀዳ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፉት ትንንሽ ቢራ ጠማቂዎችም ብዙዎቹ መጠጥ ቤቱን ከመጥመቂያው ጋር አያይዘው ይሠራሉ። ያልተጣራና በሙቀት ያልታከመ ቢራ ጣዕሙ ትኩስ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ መጠጡን ወደ ሰው ከመላክ ሰውን ወደ መጠጡ መጥራት ይመረጣል።

ያልተሸጠው ሊትር

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለስሌት ምቾት የተወሰዱ ናቸው።

አንዲት ጠማቂ 100 ሊትር ቀሪቦ ጠመቀች እንበል። ለገብስ፣ ለስኳር፣ ለማገዶና ለእርሾ በሊትር 10 ብር፣ በጠቅላላው 1,000 ብር አወጣች። በሊትር 14 ብር ትሸጣለች። ሁሉም ከተሸጠ ገቢዋ 1,400፣ ትርፏ 400 ብር ነው።

ዝናብ ዘነበና 20 ሊትር ቀረ እንበል። ገቢዋ 1,120፣ ትርፏ 120 ብር ብቻ ሆነ። ከምርቱ ሃያ በመቶ ሲበላሽ ከትርፉ የሄደው ሰባ በመቶ ነው። 29 ሊትር ቢቀር ደግሞ ኪሣራ ይጀምራል።

በአንጻሩ ከመነሻው 50 ሊትር ብቻ ጠምቃ ሙሉውን ብትሸጥ ወጪዋ 500፣ ገቢዋ 700፣ ትርፏ 200 ብር ይሆናል። ይህም መቶ ጠምቃ ሰማንያ ከመሸጥ 80 ብር ይበልጣል። ሰማንያ ሊትር እንደሚሸጥ አስቀድማ ብታውቅማ 320 ብር ባተረፈች ነበር፤ ግን የነገን ዝናብ ማን ያውቃል?

ከአዲስ አበባ የመጣው ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ “አልቋል” ሲባል ሰምቶ “ያልተሟላ ፍላጎት አለ፣ ምርቱን በእጥፍ ብናሳድገው” ይላል። ጠማቂዋ ግን ቶሎ እንዲያልቅ ብላ ነው ያሳነሰችው። ባዶው እንስራ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የጥንቃቄ ምልክት ነው።

ጠማቂዋ አደጋውን የምትቀንስበት ሌላው መንገድ ትእዛዝ ነው። ለሠርግና ለበዓል ቀብድ ተቀብላ ስትጠምቅ ያልተሸጠ ሊትር የሚባል ነገር የለም። የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባበት ወቅትና የሠርግ ወራት ሲገጣጠሙ ደግሞ ትእዛዙ ይበረታል። ቢሆንም የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ድግሱም አብሮ እንደሚያንስ መዘንጋት የለበትም።

ፋብሪካው ያየው ገበያ

ጠማቂዋ እንደ ድሮው ብቻዋን አይደለችም። ትልልቆቹ ቢራ ፋብሪካዎች አልኮል የማይጠጣውን ሸማች አይተውታል። ሄኒከን ሶፊ ማልትን፣ ቢጂአይ ሰንቅ ማልትን ለገበያ አቅርበዋል። በ2011 ዓ.ም በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጦች በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቁ ከተከለከለ ወዲህ፣ አልኮል የሌለው መጠጥ ለፋብሪካዎቹ የሚኖረው ዋጋ ከፍ እንደሚል መገመት አያዳግትም።

የማልት መጠጥ ከገብስ የሚሠራ፣ ጠቆር ያለና ጣፋጭ መሆኑን ልብ ይሏል። በሌላ አነጋገር ፋብሪካው ያሸገው የቀሪቦን የሩቅ ዘመድ ነው። ጠርሙሱ ለወራት ይቆያል፤ የአልኮሉ መጠንም በየቀኑ አይለዋወጥም። ጠማቂዋ በእነዚህ በሁለቱ ልትወዳደረው አትችልም። የምትበልጠው ጠርሙስ፣ ቆርኪና የረዥም መንገድ ማጓጓዣ ስለማትከፍል በዋጋ፣ ትኩስ በመሆኑ በጣዕም፣ እንዲሁም ድግሱን በማወቅ ነው።

ታዲያ ባለሀብቱ ቀሪቦን በሙቀት አክሞ ቢያሽገውስ? ይቻላል። ነገር ግን በሙቀት ሲታከም እርሾው ይሞታል፤ የሚወጣው መጠጥ ሌላ የማልት መጠጥ ይሆንና ከፋብሪካዎቹ ጋር በእነሱ ሜዳ ይጋፈጣል። በማቀዝቀዣ ማቆየትም አማራጭ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ አንደኛው ግድብ ከአሰንዳቦ ሩቅ አይደለም። ሆኖም ኃይሉ በቅርብ ቢመነጭም ማቀዝቀዣው የሚገዛው በካፒታል ነው፤ በሊትር 4 ብር ትርፍ ያን ዕዳ ለመክፈል ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

ውሃ ለምን ይጫናል?

መውጫው ምናልባት ጠላ ጠማቂዎች ካሳዩት ብልሃት ይገኝ ይሆናል። ከቀሪቦ ሥራ ውስጥ ሳይበላሽ መቆየት የሚችለው የትኛው ደረጃ ነው? የተቆላውና የተከካው ገብስ ነው። በደረቅ ቦታ ከተያዘ እንደ በሶና እንደ ሽሮ ይቆያል። የሚበላሸው ውሃ፣ ስኳርና እርሾ ሲገናኙ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ መድረስ ያለበት ፈሳሹ አይደለም። ከአንድ በርሜል ቀሪቦ ውስጥ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አዲስ አበባም አለ። በደንብ የተቆላ፣ የተከካና በልኩ የታሸገ የቀሪቦ ገብስ ክብደቱ ቀላል፣ የመቆያ ዕድሜው ረዥም ነው። ለሠርግ፣ ለረመዳን ማፍጠሪያና ለዒድ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ድስት አፍልቶ፣ በራሱ ሰዓት አሳድሮ ይጠጣዋል። የእምነቱንም ጥያቄ የሚወስነው ጠጪው ራሱ ይሆናል።

እርግጥ አደጋ አለው። ሥራው ቀላል ስለሆነ ዛሬ አንዱ ቢጀምረው ነገ አሥሩ ይከተሉታል። የገብስ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቆሎው ከሚገባው በላይ ካረረ መጠጡ ይመራል። በመሆኑም ገበያውን የሚይዘው መጀመሪያ የገባው ሳይሆን አቆላሉን በየጊዜው አንድ ዓይነት ማድረግ የቻለው ነው። ይህን እጅ የያዙት ደግሞ ዛሬ በጓዳ የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው። ባለሀብቱ እነሱን ከገበያ ከሚያስወጣ ቆይዎቹ ቢያደርጋቸው ራሱ ይጠቀማል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ነጋዴ በመንገዱ ላይ ቡና የጫኑ መኪናዎችን ማየቱ አይቀርም። ጅማ ቡናዋን አፍልታ በጀበና ወደ አዲስ አበባ ልካ አታውቅም። ፍሬውን አድርቃ፣ በጆንያ አድርጋ ትልካለች፤ የሚያፈላው ጠጪው ነው። ለገብሷም ከዚህ የተሻለ መምህር አያስፈልጋትም።