በፍርድ ቤቱ በር ለሚቀመጠው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ መካነ ሰላም ላይ ጽሕፈት ቤት ከፈትክ ሲሉኝ እልል ነው ያልኩት። በዚያ በር ራፖር ስጽፍ ነው ጸጉሬ የሸበተው። አቤቱታውን ሁሉ በኤአይ እንደምታስጽፍ ከሰማሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

1. አንቀጽ ሲጠቅስልህ መጽሐፉን ሳትገልጥ አትመን። ያሳየኸኝ የመሬት ክስ ላይ የሰበር ውሳኔ ቁጥር ነበረ። ቅጹን ገልጬ ባይ በዚያ ቁጥር ያለው የብድር ክርክር ነው። አጻጻፉ ግን ዳኛ የጻፈው ይመስላል። ማሽኑ ቃል ከቃል እያስከተለ የሚመስለውን ይቀጥላል እንጂ የሕግ ጋዜጣውን ሁልጊዜ አያመሳክርም፤ በ252/2009 የተተካውን የክልላችንን የመሬት አዋጅ 133/1998ን ዛሬም የሚሠራ አድርጎ ሊጠቅስልህ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ላይ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። አንተ ዘንድ ግን ከአቤቱታው ግርጌ «በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ማንበብ የማይችል ገበሬ ነው። ውሸቱ በእሱ ስም ይገባል፣ ማሳውም የእሱ ነው።

2. ባለጉዳይ ያንሾካሾከልህን ለማሽን አትንገር። አንዲት እናት ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቃ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ የልጇን አባት ማንነት ነገረችኝ። የሚያስፈልገውን ጻፍኩ፣ ረቂቁን ፊቷ ቀድጄ እሳት ውስጥ ጣልኩት። አንተ የምትጽፈው ግን ባሕር ማዶ ባለ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ያርፋል፤ ሊቀመጥ፣ ለማሽኑ ማሠልጠኛም ሊውል ይችላል። ከሠለጠነበት በኋላ እንደ ወረቀት መዝዘህ አታወጣውም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2023 ቻትጂፒቲን ለጊዜው ያገደችው የሰው መረጃ አያያዙ አሳስቧት ነው። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስም ሰርዤ «ከሳሽ» አልኩ ብለህም አትጽናና። «ወፍጮ ቤት ያላት፣ ባሏ የሞተባት» ካልክ እኛ አገር ማን መሆኗን ሕፃን ያውቃል። ከማሽኑ እገዛ ካስፈለገህ የሕጉን ጥያቄ ብቻ ጠይቅ፣ ታሪኩን በእጅህ ጻፍ።

3. የፋይዳ ካርድ ፎቶ አትጫን። አሥራ ሁለቱ አኃዝ ከነፊቱ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

4. ልጆቻቸው ጅዳና ቤይሩት ያሉ እናቶች ስልክ ይዘው ይመጡብሃል፤ «ልጄ ናት፣ ብር ላኩልኝ አለች» ይላሉ። ዛሬ በኤአይ ከአጭር ቅጂ ተነሥቶ የሰው ድምፅ ማስመሰል ይቻላል። ብር ከመላካቸው በፊት በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ፤ ያደገችባትን ላም ስም ይጠይቋት። ጉዳዩ ወደ ክስ ከሄደ ደግሞ መልእክቱ የደረሰበትን ስልክ ራሱን ያስቀምጡ፣ ቅጂው ብቻ አይበቃም።

የሰበር ቅጾቼን በጆንያ አሥሬልሃለሁ። በሚቀጥለው ገበያ አህያ ይዘህ ና።