ትከሻ የለመደ ተማሪ ቆላ ሲወርድ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ የጎጃሙም የወሎውም ልጅ ዕጣው ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ ወይም ጂንካ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሻንጣ ከማዘጋጀቱ በፊት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ይጠይቃል። ስለ ጭፈራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በግቢው ሲከበር፣ ወይም የከተማ ጓደኛው ሠርግ ሲጠራው፣ ያልጠየቀው ነገር ፊቱ ይቆማል። ይህ ማብራሪያ ለዚያ ቀን የሚሆን ስንቅ ነው።

እንግዳ ተማሪ ድሮም ነበር

ተማሪን ከአገሩ አርቆ መላክ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ1950ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ አሰማራ። የከተማና የደጋ ልጅ ከቆላው ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያደረው በእነዚህ ጊዜያት ጭምር ነው።

እግርና ትከሻ

በሰሜኑ እስክስታ ጨዋታው ያለው ከወገብ በላይ ነው። ትከሻ፣ አንገትና ደረት ይሠራሉ፤ እግር ይከተላል። ወደ ደቡብ ቆላ ሲወርዱ ሥራው ወደ እግር ይዞራል፤ ይዘላል፣ መሬት ይረገጣል፣ በሰልፍ ይኬዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ባሊንት ሻሮሺና ጆርጅ ማርቲን ጭፈራዎቻችንን በፊልም ቀርጸዋል፤ ማርቲንም ከሁለት ዓመት በኋላ ዓይነት በዓይነት ለይቶ ጽፎባቸዋል።

ሌላው ልዩነት ድምፁ ነው። ማሲንቆና ክራር የለመደ ጆሮ በቦረና ወይም በሐመር ጭፈራ መሣሪያውን ይፈልጋል፣ ያጣዋል። መሣሪያው ሰው ራሱ ነው፤ አውጪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭብጨባና እግር ምቱን ይጠብቃሉ።

ዜማ የሚቀዳው ውኃ

በቦረና ምት ከበዓል በፊት በሥራ ላይ ይገኛል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ይወርዳሉ። ጎልማሶቹ ከውኃው እስከ አፉ ድረስ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና የቆዳ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ይህ ቅብብል ያለ ዜማ አይሆንም፤ አንዱ ከምቱ ቢወጣ ባልዲው ይስታል፣ ከላይ በገንዳው ዳር የቆመው ከብትም ይጠማል። የማጠጣቱን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ ከብቱን ያወድሳል። ቦረና በጋራ ሲዘልና ሲዘፍን ያየ ተማሪ ያ መናበብ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጉድጓዱ ዘንድ ይሂድ።

ነገሌ፦ ሦስት ጭፈራ በአንድ ገበያ

ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነገሌ ቦረና ለዚህ ትምህርት የተመቸች ናት፤ ጉጂ፣ ቦረናና ሶማሌ ይገናኙባታል። ጉጂዎች ቄጣላ አላቸው፤ ወንዶች በኅብረት የሚያዜሙት፣ በገዳ ሥርዓት የከበረ ዜማ ነው። ገዳ ራሱ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰውን በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ስለሚያሻግር፣ ለአንዱ ዕድሜ የተገባው ሥነ ሥርዓት ለሌላው ላይገባ ይችላል። የሶማሌው ዳንቶ ሌላ ነው፤ ወንዶችና ሴቶች በረድፍ ሆነው በጭብጨባና በቀላል እርምጃ ይመላለሱበታል፤ ግጥሙም ትልቅ ስፍራ አለው። ስለዚህ «የቆላ ጭፈራ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ሦስቱንም አለማወቅ ነው።

የሐመር ምሽት

ወደ ምዕራብ፣ በደቡብ ኦሞ፣ ሐመሮች ኢቫንጋዲ የሚሉት የምሽት ጭፈራ አላቸው። ወጣት ወንዶች እየዘለሉ ይታያሉ፤ ልጃገረዶች ይመርጣሉ። መተጫጫም መዝናኛም ነው። በሐመሮቹ ከተማ በቱርሚ ግን ለቱሪስት በክፍያ የሚዘጋጅም አለ። ሁለቱን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ተመልካች ባይኖርም የሚቀጥለው የራሳቸው ነው።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ጠይቁ፦ ይህ ሠርግ ነው? የገዳ ሥርዓት ነው? ወይስ ጨዋታ? በሠርግና በጨዋታ እንግዳን ወደ መሐል መጎተት የተለመደ ነው፤ ሲጎትቷችሁ አትሽሹ። በሥርዓት ላይ ግን ሽማግሌ ሳይፈቅድ አትግቡ፣ ስልካችሁንም አታውጡ። ከዚያ ጭብጨባውን ያዙ፤ እግሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። በመጨረሻም እናንተም አሳዩ፤ እስክስታችሁን «አስተምሩን» የሚል አታጡም።

ጭፈራቸውን አይታችሁ «ደስ ይላል» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ማን እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚቀበል፣ መቼ እንደማይጨፈር ጠይቃችሁ ጻፉ። አራት ዓመት ተምሮ የጎረቤቱን ጭፈራ ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ ምደባውን በግማሹ አባክኖታል።