የሴባስቶፖል ጉዞና የሒሳብ ትምህርታችን

ምሕንድስናንና ሒሳብን ስናስተምር ለብዙ ዓመታት ትምህርቱን የጀመርነው ከቀመር ነበር። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፤ ተማሪው ቁጥር አስገብቶ መልስ ያወጣል። ይህን ልማዳችንን ያስጣለን ከጋይንት የመጣ አንድ ተማሪ ነው።

ጥያቄያችን ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ይህን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ጋይንትን አቋርጠው በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አስጎትተውታል። መድፉ 7 ቶን ያህል እንደሚመዝን፣ ጎታቾቹም 500 ያህል እንደነበሩ ይነገራል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ እያንዳንዱ ሰው በምን ያህል ጉልበት መሳብ ይኖርበታል?

እስቲ እናስላው። ምድር መድፉን የምትስብበት ጉልበት 68,600 ኒውተን ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው፣ 6,860 ኒውተን፣ በዳገቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የመሬቱንና የመንኮራኩሩን ሰበቃም እንዲሁ አንድ አሥረኛ ብለን ብንገምት ድምሩ 13,720 ኒውተን ይሆናል። ለ500 ሰው ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 27 ኒውተን ግድም ነው። ይህም ሦስት ሊትር ውኃ ከማንሳት ያነሰ ነው!

ተማሪው መልሱን በትክክል ካወጣ በኋላ ከሥሩ እንዲህ ሲል ጨመረ፦ «ይህ ከሆነ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ምን አቆያቸው?» እኛም ከጥያቄው ወጥተሃል ብለን ነጥብ ቀነስንበት። ልጁ ጨጨሆ ላይ የጭነት መኪና ሲያቃስት እየሰማ ያደገ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ጥያቄው እንቅልፍ ስለ ነሳን ወደ ክፍል ይዘነው ገባን። የስማዳና የእስቴ ልጆች ገደሉን ያውቁታልና ወዲያው ተከራከሩ። አንዷ ስለ ገመዱ አነሣች። 500 ሰው በአምስት ረድፍ፣ በአንድ ሜትር ልዩነት ቢቆም ሰልፉ 100 ሜትር ይረዝማል። መንገዱ ሲጠመዘዝ ከፊተኞቹ ብዙዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይስባሉ። ከጋሪው አቅጣጫ በ60 ዲግሪ ያዘነበለ ጉልበት ወደፊት የሚረዳው በግማሹ ብቻ ነው፤ የጎን አካሉ ጋሪውን ከመንገድ ያስወጣዋል። ሌላው ቁልቁለቱን አነሣ። በየ4 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ በሚል ቁልቁለት፣ ሰበቃው ካገዘ በኋላም፣ ከ10,000 ኒውተን በላይ ከኋላ መያዝ ያስፈልጋል። ዳገት ላይ ድንጋይ አስደግፎ ማረፍ ይቻላል፤ ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ገመድ ቢበጠስ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ ራሱ አልነበረም። ዓለት እየፈለጡ፣ ገደሉን እየደለደሉ ጠረጉት፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር።

ስሌታችን ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን ስለ ተዘጋጀ መንገድ የተሰላ ነበር፤ የመሐንዲሱ ሥራ ደግሞ ያን መንገድ ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ አሁን የምንጀምረው ከነገሩ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ በግምት ይናገር፣ ቀጥሎ ያስላ፣ ከዚያም በግምቱና በስሌቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያብራራ። ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንድ ሴሚስተር ምዕራፍ ሳንጨርስ ቀርተናል፣ የሥራ ባልደረቦቻችንም ወቅሰውናል።

በፈተና ወረቀታችን ላይም ከመልሱ ቀጥሎ «ስሌቱ ምን ተወ?» የሚል ጥያቄ አስገብተናል፤ ነጥቡም ከመልሱ ነጥብ እኩል ነው። የዚያን ተማሪ ውጤት ግን መዝገቡ ተዘግቶ ስለ ነበር ልናርምለት አልቻልንም።