በአፍ ያለ ቃልና የተጻፈ ቃል

በአፍ ብቻ የሚኖር ተረት ዕድሜው የተራኪው ዕድሜ ነው። ተራኪው ሲሞት ተረቱም አብሮት ይቀበራል። በወሎ፥ በወረባቦ በምትገኘው በቢስቲማ፥ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጠው ከአያቶቻቸው ተረት የሚሰሙ ልጆች ይህን አያስቡትም፤ አያት ሁልጊዜ የሚኖሩ ይመስላቸዋልና። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ባረፉ ቍጥር ከእርሳቸው ጋራ ስንት ተረትና ስንት እንቆቅልሽ እንደሚቀበር ማን ይቈጥረዋል?

ይህ ጕዳት በኢትዮጵያ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 ዓ. ም. ነገሠች። (በዚህ ትምህርት የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በዘመንዋ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፥ ፋብሪካም በዛ፤ ብዙ ሕዝብም እርሻውን እየተወ ወደ ከተማ ገባ። በ1870 ዓ. ም. ከወጣው የትምህርት ሕግ በኋላ ለድኃ ልጆች ትምህርት ቤት በየስፍራው ተከፈተ። ማንበብ የሚያውቅ ሰው በዛ፥ የመጽሐፍም ዋጋ ረከሰ። በየመንደሩ በአፍ ይነገር የነበረው ተረት ግን እየተረሳ ሄደ። ስለዚህ ዐዋቂዎች በ1878 ዓ. ም. የሕዝብን ተረትና ልማድ የሚመረምር ማኅበር በሎንዶን አቆሙ። በ1890 ዓ. ም. ደግሞ ጆሴፍ ጃኮብስ የሚባል ሰው የእንግሊዝን ተረቶች ሰብስቦ ለልጆች በመጽሐፍ አወጣ።

በዚያው ዘመን እንዲህ ያለውን ሥራ በቀይ ባሕር ዳር የሠራች አንዲት የኦሮሞ ልጅ ነበረች፤ ስምዋም አስቴር ጋኖ ይባላል። እርስዋ እንደ ሎንዶን ሊቃውንት ገንዘብና ቤተ መጻሕፍት አልነበራትም። በልጅነትዋ ባሪያ ሆና፥ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ተጭና ስትወሰድ፥ በ1886 ዓ. ም. የኢጣልያ መርከብ ደርሶ ነጻ አወጣት። ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከአባትዋ ቤት ይዛ የመጣችው ሀብት አልነበረም። ባሪያ ፈንጋዮች ሊነጥቁአት ያልቻሉት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶላት ነበር፤ ይኸውም የአፍዋ ቋንቋ ነው።

በእምኩሉ መምህር ኦነሲሞስ ነሲብ ነበሩ። እርሳቸውም በልጅነታቸው ተሰርቀው የተሸጡ፥ በኋላም ነጻ ወጥተው በስዊድን አገር የተማሩ ናቸው። የቀድሞ ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጓሜው በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ በተነሡ ጊዜ ግን፥ ከአገራቸው በሕፃንነት ስለ ወጡ ቃላት ያጥራቸው ነበር። አስቴር ቋንቋዋን አጥርታ ታውቅ ነበርና ረዳቻቸው። 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ደግሞ ተረትን፥ ምሳሌን፥ እንቆቅልሽንና ዘፈንን ጨምሮ 500 ያህል የሕዝብ ቃሎችን ሰበሰበች። ከእነዚህም አያሌዎቹ በ1894 ዓ. ም. በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ነው። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስም በሙሉ በ1899 ዓ. ም. ታተመ።

በዚያ የንባብ መጽሐፍ የተማረ ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን ቃል በወረቀት ላይ አገኘው። ስለዚህ ንባብ እንግዳ ነገር አልሆነበትም። አስቴርም በ1904 ዓ. ም. ወደ ወለጋ ተመልሰው በማስተማር አገለገሉ፤ በ1964 ዓ. ም. ዐረፉ። ባሪያ ተደርጋ የተሸጠች ልጅ ለሕዝብዋ መምህር ሆነች።

የወሎም ሊቃውንት ይህን ጥበብ አላጡትም። በዚያው ዘመን ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር የአማርኛ ግጥማቸውን በዓረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። ይህ ዐይነት አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ከሃይማኖት ትምህርት ያገኙትን ፊደል ለአፋቸው ቋንቋ አዋሉት። ፊደሉ ልዩ ልዩ ቢሆን ሥራው አንድ ነው፤ ቃልን ከመረሳት ማዳን ነው።

እውነት ነው፥ ጽሕፈት ሁሉን አይዝም። የተራኪው ድምፅ፥ ሳቁና የእጁ ምልክት በወረቀት ላይ አይቀሩም። ቢሆንም ከሁሉ ከመጥፋት የሚበልጠው መትረፍ ይሻላል።

ልጆች ሆይ፥ አንዳንድ ልጅ ፊደል በለየ ጊዜ ፊደል ያልለዩትን አያቱን ይንቃል። አስቴር ግን ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ የእናትዋን ቋንቋ አልጣለችም፤ በፊደል አስቀመጠችው እንጂ። እንግዲህ ማንበብና መጻፍ የተማረ ልጅ ማታ የሰማውን ተረት በማግሥቱ ይጻፍ። የጻፈውንም ለተናገሩት ሽማግሌ መልሶ ያንብብላቸው። እርሳቸው ስሕተቱን ያርሙለታል፥ ቃላቸውም ከእርሳቸው ጋራ እንደማይቀበር ዐውቀው ይመርቁታል።