መጽሐፉ የጠፋው በቤተ መቅደስ ውስጥ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የእስራኤል መንግሥት ለምን ወደቀ ስንባል ብዙዎቻችን ጣዖት ስላመለኩ ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚገላግለን ሌላውን ሳናይ እናልፋለን።

ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 በአሦር እጅ ስትወድቅ ይሁዳ አይታለች። ቤተ መቅደሱ፥ ካህናቱና የዳዊት ዘር በእርስዋ ዘንድ ስለ ነበሩ ግን ብዙዎች የሚነካት ያለ አልመሰላቸውም። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ622 ገደማ፥ ንጉሡ ኢዮስያስ ቤተ መቅደሱን ሲያሳድስ ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ። የት? በባዕድ አገር ወይም በዋሻ አይደለም፤ በራሱ በእግዚአብሔር ቤት ነው። ካህናቱ ሲወጡና ሲገቡ መጽሐፉ እዚያው ተረስቶ ኖሯል። ጸሐፊው ሳፋን ሲያነብለት ኢዮስያስ ልብሱን ቀደደ። ዕድሜው 26 ነበር፤ ከብዙዎቻችን አይርቅም። ከዚያም ሕዝቡን ከታናሽ እስከ ታላቅ ሰብስቦ አነበበላቸው።

እኛን ያስደነገጠን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢዮስያስ በ609 በመጊዶ ተገደለ፤ ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ኢዮአቄም በ25 ዓመቱ ነገሠ። ዓመቱን ብንቆጥር መጽሐፉ በተገኘ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ገደማ ነበረ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ያን ንባብ አልሰማም ማለት ይከብደናል። ይኸው ልጅ ነግሦ፥ በክረምት ቤቱ ምድጃ ፊት ተቀምጦ የኤርምያስ ክርታስ ሲነበብለት፥ ሦስት አራት ዐምድ በተነበበ ቍጥር በካራ እየቈረጠ ወደ እሳቱ ጣለው። የደነገጠ፥ ልብሱን የቀደደ አልነበረም። እንዳያቃጥል ከለመኑት ከሦስቱ አንዱ ገማርያ ነው፤ እርሱም የሳፋን ልጅ ነው። እንግዲህ የአንባቢው ልጅ ሲለምን የሰሚው ልጅ አቃጠለ። ኢየሩሳሌም በ586 ፈረሰች፤ ቤተ መቅደሱም አልተረፈም።

በየቤታችን መጽሐፍ ቅዱሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌ ይቀመጣል፤ እንሳለመዋለን፥ ሲያመንም እንተራሰዋለን። ይህ ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን በጥናት ክፍላችን ከነቢያት መጻሕፍት አንዱን እንኳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ ማን ነው ተብለን በተጠየቅን ጊዜ እጅ ያወጣነው አራት ብቻ ነበርን። መዝሙሩን ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ማደጋችንን እንደ ዋስትና ቈጥረነው ኖረናል፤ ኢዮአቄምም ያደገው በኢዮስያስ ቤት ነው።

ክርታሱ ከተቃጠለ በኋላ ኤርምያስ እንደገና ተናገረ፥ ባሮክም በሌላ ክርታስ ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን በየተራ እናነባለን። መጽሐፉን ከጨርቁ አውጥታችሁ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።