ለዘላለም የሚሆን ሥራ

ሰው በምድር ላይ እንግዳ ነው። ዛሬ ሕፃን የሆነው ነገ ጎልማሳ ይሆናል፤ ጎልማሳውም ይሸመግላል፤ ሽማግሌውም ወደ ፈጣሪው ይሄዳል። የምድር ዕድሜ አጭር ነው፤ የሚመጣው ሕይወት ግን ፍጻሜ የለውም። ስለዚህ ክርስቲያን የሆነ ሰው ዘላለምን እያሰበ ይኖራል።

ነገር ግን ዘላለምን ማሰብ ማለት ሥራን ትቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ትጉህ እረኛ ጌታው በመስክ ባይኖርም ከብቱን ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል፤ ማታ በበረቱ ደጅ ከብቱ ይቈጠራልና። ክርስቲያንም እንዲሁ በመጨረሻ በእግዚአብሔር ፊት እንደሚቆም ስለሚያውቅ፥ ሰው ቢያየውም ባያየውም የዛሬውን ሥራ በእውነት ይሠራል።

አቡ ሩሚ የሚባል አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ። ብዙ አገር ዞሮ፥ ኢየሩሳሌምንና ህንድን አይቶ፥ በግብፅ አገር በካይሮ ከተማ ተቀመጠ። በዚያም አስሊን ደ ሼርቪል ከሚባል ከፈረንሳይ ቆንስል ቤት ሹም ጋር ተገናኘ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበበው በግዕዝ ነበር። አማርኛ ብቻ የሚናገረው ሕዝብ ግን ትርጓሜውን የሚነግረው ካላገኘ የሰማውን አያስተውልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሊመልሱ ተነሡ።

በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1808 እስከ 1818፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ፥ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጃቸውን ዘግተው ይሠሩ ነበር። በእነዚያ ቀኖች እንግዳ አይገባባቸውም ነበር። እያንዳንዱን ቍጥር ከዐረብኛው ቀስ ብለው ያነቡ ነበር፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፈው ነበር። አንዱን መጽሐፍ በፈጸሙ ጊዜ፥ ወደሚቀጥለው ሳያልፉ እንደ ገና አስተያይተው ያርሙት ነበር። የዐሥር ዓመት ማክሰኞና ቅዳሜ ቢቈጠር ከአንድ ሺህ ቀን ይበልጣል። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ።

አቡ ሩሚ ግን ከዚህ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በካይሮ በቸነፈር ሞተ። የደከመበት መጽሐፍ ሲታተም አላየም። በ1820 የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዛ። በ1824 አራቱ ወንጌሎች፥ በ1829 አዲስ ኪዳን፥ በ1840 መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ስሙን ከቶ ያልሰሙ ሰዎች የእጁን ሥራ አነበቡ።

አቡ ሩሚ በልቡ ያሰበውን እግዚአብሔር ያውቃል። ሥራው ግን ለሁሉ ትምህርት ነው። ታክቶ አንዲት ቍጥር ቢዘል ኖሮ፥ ከእርሱ በኋላ የመጣው አንባቢ ሁሉ ያችን ቃል ያጣት ነበር። የአንድ ቀን ታማኝነት ለብዙ ዘመን ይተርፋል፤ የአንድ ቀን ስንፍናም እንዲሁ ይተርፋል።

መምህሩ ሲያየው ብቻ የሚጽፍ፥ መምህሩ ሲወጣ ግን ብዕሩን የሚጥል ተማሪ ለሰው ዓይን ይሠራል። ማንም ሳያያት ለደከመችው አሮጊት ውኃ የምትቀዳ ልጅ፥ ወድቆ ያገኘውንም ገንዘብ ለባለቤቱ የሚመልስ ልጅ ለእግዚአብሔር ይሠራሉ። ምናልባት የሚያመሰግናቸው ሰው አይገኝም፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን አይረሳላቸውም። መልካም ሥራ መንግሥተ ሰማያትን የሚገዛ ዋጋ አይደለም፤ ጌታ በቸርነቱ ለወደደው ሰው የምስጋናው ፍሬ ነው። ልብስ ያረጃል፥ ገንዘብ ያልቃል፥ ቤት ይፈርሳል፤ በፍቅርና በእውነት የተሠራ ሥራ ግን ይኖራል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ልጅ ማታ ከመተኛቱ በፊት፥ «የዛሬው ሥራዬ በጌታዬ ፊት ቢቈጠር ምን ይጐድለዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የጐደለውን ይናዘዝ፤ ነገም በአዲስ ልብ ይነሣ።

ጥያቄ
1. እረኛው ጌታው ሳያየው ከብቱን በትጋት የሚጠብቀው ስለ ምንድር ነው?
2. አቡ ሩሚ ስንት ዓመት ሠራ? የሥራውንስ ፍሬ ማን አየ?
3. ሰው ሳያይ ሊሠራ የሚገባው መልካም ሥራ ምን ምን ነው?