ካንሰር የሚተወው ዱካ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ካንሰር ነው። ብዙዎቻችን ስሙን መጥራት ስለምንፈራ «ያ በሽታ» ነው የምንለው። እርግማን ነው የሚሉም አሉ። እስቲ ሳይንሱ የሚለውን እንይ።

በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ጽሑፍ አለ። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ። ሴል ሲባዛ ጽሑፉም ይገለበጣል። ሲገለበጥ፣ ወይም ከውጭ የሚጎዳው ነገር ሲያገኘው፣ ፊደል ይለወጣል። ለውጡ ዋና ቦታ ላይ ሲደራረብ ካንሰር ይሆናል።

አሁን ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ አስቡ። አንዷ ሁልጊዜ በ«ሠ» ፈንታ «ሰ» ትጽፋለች፤ ሌላዋ በ«ፀ» ፈንታ «ጸ»። ስም ባይኖረው እንኳ ማን እንደጻፈው ከስሕተቱ እናውቃለን። ዕጢም እንደዚሁ ነው። የሲጋራ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ «ሲ»ን ወደ «ኤ» ይለውጣል፤ የፀሐይ ጨረር ደግሞ «ሲ»ን ወደ «ቲ»።

ታዲያ እንዴት ይለያል? ከዕጢው ትንሽ ይቆረጣል፤ ከዚያው ሰው ደምም ይወሰዳል። ሁለቱ ተነበው ይነጻጸሩና በዕጢው ብቻ ያለው ለውጥ ይለቀማል። ከተለወጠው ፊደል ግራና ቀኝ ያሉት ፊደሎችም ይታያሉ። እንዲህ ሲመደብ 96 ዓይነት ለውጥ ይሆናል። በአንድ ዕጢ ውስጥ የብዙ ምክንያት ዱካ ስለሚደባለቅ በኮምፒውተር ይለያል። በ2013 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከ7,000 በላይ ዕጢዎች መርምረው ከ20 በላይ ዱካዎች አግኝተዋል።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

1ኛ፦ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቤልጂየም፣ ብራስልስ፣ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ። አሪስቶሎኪያ የሚባል ተክል በስሕተት ገብቶበት ነበር። ኋላም ብዙዎቹን የሽንት መስመር ካንሰር ያዛቸው። የዚህ ተክል መርዝ «ኤ»ን ወደ «ቲ» ይለውጣል። ዱካው በታይዋን በሽተኞች ዕጢ ውስጥም ተገኝቷል። ስለዚህ እህቶቼ፣ «ያከሳል» እየተባለ የሚሸጥ ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄትና ክኒን አትውሰዱ። ዕፅ ስለሆነ ብቻ አይጎዳም ማለት አይደለም።

2ኛ፦ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ላይ የሚታየው ዱካ ሴሉ ራሱን መጠገን እንዳቃተው ይናገራል። ይህም ለሐኪሙ መድኃኒት ለመምረጥ ይረዳዋል።

3ኛ፦ ዕድሜ ብቻውን ዱካ ይተዋል። ምክንያቱ ገና ያልታወቀ ዱካም አለ። እንግዲህ የታመመችን እህት «ምን አድርጋ ይሆን?» አንበላት። ይልቅ ቶሎ ሐኪም ዘንድ እንድትደርስ እንርዳት፣ አብረናትም እንጸልይ።

እግዚአብሔር ሁላችንንም በጤና ይጠብቀን። አሜን።